ከፖከር ጠረጴዛ መቼ ልነሳ? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ካሽ ጌም ከቶርናመንት የሚለይበት ትልቁ ነገር በፈለጉት ሰዓት መነሳት መቻሉ ነው። ቶርናመንት ላይ ቺፕሳችሁ እስኪያልቅ ወይም እስክታሸንፉ ትጫወታላችሁ፤ ብላይንዱም (ካርታ ሳይታይ በተራ የሚከፈለው የግዴታ መወራረጃ) በየጊዜው ይጨምራል። ካሽ ጌም ላይ ግን ቺፕሱ ራሱ ገንዘብ ነው። ብላይንዱ ባለበት ይቆያል። አንድ ሃንድ (አንድ የካርታ እደላ) እንዳለቀ ቺፕሳችሁን ሰብስባችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ይህ ትልቅ መብት ነው። የሚያሳዝነው ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት በተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። መቆየት ሲገባን እንነሳለን፣ መነሳት ሲገባን እንቆያለን።

ከታች ካሉት ምልክቶች የእናንተን ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ምልክት፦ ስታተርፉ ቶሎ ትነሳላችሁ፣ ስትከስሩ እስኪነጋ ትቀመጣላችሁ

መዝገብ የምትይዙ ከሆነ ክፈቱትና ሰዓቱን ተመልከቱ። ያተረፋችሁባቸው ቀናት ሁለትና ሦስት ሰዓት፣ የከሰራችሁባቸው ደግሞ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ከሆኑ ችግሩ እናንተም ጋ አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። "ዛሬ በልቼ ገባሁ" ማለት ይጥማል። ኪሳራ ይዞ ቤት መግባት ግን ያማል። ስለዚህ ትርፉን ቶሎ ኪስ እናስገባለን፣ ኪሳራውን እናስታምማለን።

ግን የአንድ ቀን ውጤት ስለ አጨዋወታችሁ የሚናገረው በጣም ትንሽ ነው። ሒሳቡን እንየው። ኖ ሊሚት ሆልደም (የመወራረጃ ጣሪያ የሌለው የፖከር ዓይነት) ላይ በ100 ሃንድ በአማካይ 5 ቢግ ብላይንድ (ከሁለቱ ብላይንዶች ትልቁ) የሚያተርፍ ሰው ጥሩ ተጫዋች ነው። በዚያው 100 ሃንድ ውስጥ የውጤቱ መዋዠቅ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ 90 ቢግ ብላይንድ ገደማ ይሆናል። ፊት ለፊት በሚደረግ ጨዋታ በሰዓት 30 ሃንድ ያህል ይታደላል። ስድስት ሰዓት ተቀመጣችሁ እንበል፤ 180 ሃንድ ማለት ነው። ከችሎታችሁ የሚጠበቀው ትርፍ 9 ቢግ ብላይንድ ብቻ ነው። ዕድል ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዘውዛችሁ ግን በ120 ቢግ ብላይንድ ያህል ነው። እንግዲህ "80 ወጥቻለሁ፣ ይበቃኛል" ወይም "60 ወርጃለሁ፣ ልመልስ" ስትሉ የምትመሩት በዚህ ውዝዋዜ ነው።

እንዲያውም ብዙ ጊዜ የምታተርፉበት ሰዓት ለመቆየት የተሻለው ሰዓት ነው። ፊታችሁ ቺፕስ ተከምሯል። ሌሎቹ ይጠነቀቁላችኋል፤ ብሉፋችሁም (በደካማ ካርታ ማስፈራራታችሁም) ይሠራል። ስትከስሩ ደግሞ ይደፍሯችኋል፣ እናንተም በራሳችሁ ውሳኔ ትጠራጠራላችሁ።

መፍትሄው ጥያቄውን መቀየር ነው። "ስንት ላይ ነኝ?" የሚለውን ተዉት። በየሰዓቱ አንዴ ይህን ጠይቁ፦ "አሁን ከውጭ ብገባና እነዚህን ሰዎች ባያቸው፣ አሁን ባለኝ ስሜትና ድካም እዚህ ወንበር ላይ ልቀመጥ እፈልግ ነበር?" መልሱ አዎ ከሆነ፣ ትርፍም ላይ ሁኑ ኪሳራ ላይ፣ ቆዩ። አይ ከሆነ ተነሱ።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በ100 ቢግ ብላይንድ ገብታችሁ 300 ላይ ደርሳችኋል እንበል። በግራችሁ የተቀመጠው ጠንካራ ተጫዋችም ያንኑ ያህል ይዟል። አሁን አንድ ስህተት የሚያስከፍለው ሦስት እጥፍ ነው። ካሽ ጌም ላይ ደግሞ የቺፕሱን ግማሽ ኪስ ከትቶ በቀሪው መጫወት አይፈቀድም። እንዲህ ባለ ትልቅ ቺፕስ መጫወት ካልለመዳችሁ ሙሉ በሙሉ መነሳት ትክክል ነው።

ምልክት፦ ከአንድ መጥፎ ሃንድ በኋላ ሌላ ጊዜ የምትጥሉትን ካርታ መጫወት ጀምራችኋል

እንዲህ ነው የሚሆነው። ጥንድ ኤስ ይዛችኋል፣ ተቃራኒያችሁ ጥንድ ኪንግ። ከፍሎፕ (መሃል ላይ ከሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት የጋራ ካርታዎች) በፊት ገንዘቡ በሙሉ መሃል ገባ። ፍሎፕ ምንም የለም። ተርንም (አራተኛው ካርታ) ምንም። ሪቨር (የመጨረሻው ካርታ) ላይ ኪንግ ወጣ። ዲለሩ ቺፕሱን ወደዚያኛው ሰውዬ ገፋው። እናንተ ሌላ ቺፕስ ገዛችሁ። ቀጣዩ ካርታ ታደለ፤ ጃክና ስድስት፣ ምልክታቸውም የተለያየ። ከሁሉም ቀድሞ የሚወስነው ደግሞ የእናንተ ወንበር ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ሳታስቡ ትጥሉት ነበር። አሁን ግን እጃችሁ ወደ ቺፕሱ ሄደ። ሬይዝ አደረጋችሁ፤ መወራረጃውን ከፍ አደረጋችሁት።

ቲልት ይሄ ነው። ጩኸትም ጠረጴዛ መምታትም አያስፈልገውም፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚመጣው። ያሸነፋችሁን ሰው ዓይን ዓይኑን ታያላችሁ፣ እሱ ያለበት ፖት (መሃል የተከማቸው ገንዘብ) ውስጥ ሁሉ መግባት ያምራችኋል። የሆነውን ሃንድ ለጎረቤታችሁ ደጋግማችሁ ትተርካላችሁ። "እስኪ ልየው" እያላችሁ ኮል ታደርጋላችሁ (የተወራረደውን ያህል ትከፍላላችሁ)። ቺፕሱን ስታስቀምጡት ሳይሆን ስትወረውሩት ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

ምክንያቱ እልህ ነው። ጥንድ ኤስ ጥንድ ኪንግን የሚያሸንፈው 82 በመቶ ያህል ነው፤ ከአምስት ወይም ከስድስት አንዴ ይሸነፋል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወሽመጥ ሲቆረጥ ግን ዕውቀቱ ቶሎ አይደርስም። ውስጣችሁ ተበደልኩ ይላል፣ የተበደለ ሰው ደግሞ ካሳ ይፈልጋል።

መጀመሪያ የሚደረገው መነሳት ነው፤ ለጊዜው። በተን (የአዳዩን ቦታ የሚያሳየው ምልክት) አንድ ዙር እስኪዞር ከጠረጴዛው ራቁ። ያመለጣችሁን ብላይንድ ስትመለሱ ትከፍላላችሁ፣ ዋጋው ከአንድ የእልህ ሬይዝ ያንሳል። ፊታችሁን ታጠቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሃንዱን ስልካችሁ ላይ ጻፉትና ለነገ አስቀምጡት። ስትመለሱ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ሰውዬ ከሆነ፣ ጥርስ ነክሳችሁበታል ማለት ነው። ቺፕሳችሁን ሰብስቡና ሂዱ። መረብ ላይ የምትጫወቱ ደግሞ የበለጠ ፍጠኑ። አንዱ ጠረጴዛ ብቻ በሰዓት 60 ሃንድና ከዚያ በላይ ያድላል፤ አራት ጠረጴዛ ከፍቶ እልህ ውስጥ የገባ ሰው በግማሽ ሰዓት ስንት ውሳኔ እንደሚያበላሽ አስቡት።

ሁለተኛው የኪሳራ ጣሪያ ነው። "ካርታው ስንት እንደከሰርኩ አያውቅም፣ ታዲያ ጣሪያ ለምን?" የሚሉ ጎበዝ ተጫዋቾች አሉ። በሒሳቡ ልክ ናቸው። ግን ካርታው ባያውቅም እናንተ ታውቃላችሁ፣ አጨዋወታችሁም ይለወጣል። የእኔ ምክር ሁለት ወይም ቢበዛ ሦስት ባይ ኢን (ለመቀመጥ የሚከፈለው የመግቢያ ገንዘብ) ነው። ጣሪያው ከመቀመጣችሁ በፊት ይወሰን። ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የሚወሰን ጣሪያ ሁሌም ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ ገንዘብም የባንክ ካርድም ይዛችሁ አትሂዱ። መረብ ላይ ከሆነ የዕለት ማስገቢያ ገደቡን ቀድማችሁ ሙሉት።

ምልክት፦ "እስክመልስ ድረስ ብቻ"

ይህን ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ከተናገራችሁ ፖከር መጫወት አቁማችኋል፤ አሁን የምታሳድዱት የሄደውን ገንዘብ ነው። ሪቻርድ ቴለርና ኤሪክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ይህን ባህሪ አሳይተዋል። ሰው ኪሳራ ላይ እያለ ወደ ዜሮ የሚመልሰው ዕድል ካየ፣ ሌላ ጊዜ የማይነካውን አደጋ ይደፍራል። ትርፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ትርፉን እንደ ሰው ገንዘብ ቆጥሮ ይለቀዋል።

ፖከር ላይ ይህ በብዛት የሚታየው ወደ ትልቅ ጠረጴዛ በመውጣት ነው። በ1/2 ብላይንድ (ትንሹ 1፣ ትልቁ 2) የከሰረ ሰው "በ2/5 ቶሎ እመልሳለሁ" ብሎ ይነሳል። እዚያ የሚጠብቁት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የተሻሉ ናቸው። እያንዳንዱ ስህተት ሁለት እጥፍ ተኩል ያስከፍላል። እሱ ደግሞ የተቀመጠው በዕለቱ በደከመው አእምሮው ነው።

መፍትሄው አንድ የማይጣስ ደንብ ነው፦ በከሰራችሁበት ቀን ብላይንድ አይጨመርም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የነገው ጨዋታ የሚጀምረው ከነገው ካርታ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ዜሮ መመለስ አለብኝ የሚል ሕግ የትም የለም።

የያዛችሁት የቤት ኪራይ ወይም የተበደራችሁት ገንዘብ ከሆነ ግን ምንም ትንተና አያስፈልግም። አሁኑኑ ተነሱ። ጠረጴዛው ጥሩ ቢሆንም፣ እናንተ ጎበዝ ብትሆኑም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ የቁማር ሱስን የሚለይባቸው ዘጠኝ ምልክቶች አሉት፤ የከሰሩትን ለመመለስ ደጋግሞ መመለስ አንዱ ነው። ለመደበቅ መዋሸት፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ከሰው ገንዘብ መለመንም ከዘጠኙ ውስጥ ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱ ከታዩ ነገሩ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። እንዲህ ከሆነ የኪሳራ ጣሪያም ማንቂያ ደወልም አይበቃም። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ባለሙያ አማክሩ። ብዙ ካሲኖዎችና የመረብ መጫወቻዎች ሰው በራሱ ጥያቄ ራሱን የሚያሳግድበት አሠራር አላቸው፤ ተጠቀሙበት። ማፈር አያስፈልግም።

ምልክት፦ እናንተ ሳትለወጡ ጠረጴዛው ተለውጧል

ስትገቡ ሁለት ሰዎች በየሃንዱ ኮል ያደርጉ ነበር። አሁን ሁለቱም ሄደዋል፤ ቦታቸውን ዝም ያሉ፣ የሚጠብቁ፣ የሚቆጥሩ ሰዎች ይዘውታል። ዙሪያውን ቃኙ። ከእናንተ የሚያንሱ ሁለት ተጫዋቾችን ለይታችሁ መጥቀስ ካልቻላችሁ የምትቆዩበት ምክንያት የለም። ቤቱ ከፖቱ ሬክ (የራሱን ድርሻ) ይቆርጣል። ችሎታው እኩል በሆነ ጠረጴዛ ላይ በጊዜ ብዛት የሚያተርፈው ቤቱ ብቻ ነው። ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን የጠረጴዛ ወይም የወንበር ቅያሪ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እሱ ይበቃል።

ምልክት፦ "ተራው የማነው?" ማለት አብዝታችኋል

ማን ሬይዝ እንዳደረገ ይጠፋችኋል። የካርታችሁን ምልክት ለማየት ሁለቴ ታነሱታላችሁ። ስልክ ታያላችሁ። ደክማችኋል።

ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ጥናቶች አሳይተዋል። ጠዋት በ12 ሰዓት የተነሳ ሰው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። "ግን ጨዋታው የሚጥመው ሌሊት ነው፣ የሰከሩት ያኔ ነው የሚመጡት" የሚል ክርክር አለ። እውነት አለው፤ ቀን ተኝቶ ለሚመጣ ሰው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ለዋለ ሰው አይሠራም። የምትነሱበትን ሰዓት ከመቀመጣችሁ በፊት ወስኑ፣ ደወል ሙሉ፣ ሲጮህ አትከራከሩ።

ምልክት፦ መነሳት ፈልጋችሁ አፍራችኋል

"በልተህ ልትሄድ ነው?" የሚለው ነገር በተለይ ጓደኛሞች ቤት ውስጥ ሲጫወቱ ይከብዳል። መፍትሄው ቀድሞ መናገር ነው። ስትቀመጡ "እስከ አራት ሰዓት ነኝ" በሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ማንም አይገረምም። ለመነሳት የሚመቸው ጊዜ ደግሞ ቢግ ብላይንዱ እናንተ ጋ ሊደርስ ሲል ነው። የከፈላችሁበትን ዙር ጨርሳችኋል፣ አዲሱን ገና አልከፈላችሁም።

ቺፕሳችሁን መልሳችሁ ገንዘባችሁን እንደተቀበላችሁ፣ ከበሩ ሳትርቁ፣ መዝገባችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የተጫወታችሁበትን ሰዓት፣ ውጤቱን፣ ለምን እንደተነሳችሁ። "ጠረጴዛው ተበላሸ"፣ "ደከመኝ"፣ "ጣሪያዬ ደረሰ"፣ "ትርፉን ፈርቼ"። ከሁለት ወር በኋላ ውጤቱን በእጃችሁ ሸፍኑና ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡ።