በመማሪያ ክፍል አየር ላይ የሚፈጸሙና ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ልጅ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ሰው የበለጠ አየር ይተነፍሳል፤ ሳንባውም ገና በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለው ብናኝ፣ ጋዝ ወይም ተሐዋሲ ከመምህሩ ይልቅ ተማሪውን ይጎዳል። ቀጥለው የቀረቡት ስህተቶች በአብዛኛው የሚፈጸሙት በቸልተኝነት ሳይሆን ለልጆች ጥሩ በማሰብ ነው፤ ሳይታወቁ ለዓመታት የሚቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የአየሩን ንጽሕና በአፍንጫ መመዘን ነው። አፍንጫ ሽታን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለምድ፣ ከውጭ የገባ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ የሚሰማውን የታፈነ ሽታ ውስጥ የቆዩት አይሰሙትም። የተሻለው መመዘኛ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ነው። ከአንድ ሚሊዮን እጅ የውጭ አየር ውስጥ 420 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ከሳንባ በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ግን መጠኑ 40,000 ገደማ ይደርሳል። ጀርመናዊው የሥነ ንጽሕና ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 ሰዎች ለሚቀመጡበት ክፍል ያስቀመጠው ወሰን 1,000 ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ዛሬም ድረስ እንደ መነሻ ያገለግላል። ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 180 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ተቀምጦ የሚማር አንድ ልጅ ደግሞ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። እንግዲህ 30 ልጆች በርና መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋበት ክፍል ቢቀመጡ የፔተንኮፈር ወሰን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይታለፋል። መጠኑ 4,000 ሲደርስ ልጆቹ ከሚስቡት አየር አንድ አሥረኛ ያህሉ ቀደም ሲል በሌላ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለፈ ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ የሚጋቡትም በዚሁ መንገድ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚያንቀላፋውን ተማሪ ሰነፍ ከማለት በፊት የክፍሉን አየር መለካት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ቀዝቃዛን አየር ከንጹሕ አየር ጋር ማምታታት ነው። ቬንቲሌተር ያለውን አየር ያማታል እንጂ አዲስ አያስገባም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አብዛኛው ኤር ኮንዲሽነርም ያንኑ የክፍሉን አየር እየሳበ አቀዝቅዞ ይመልሰዋል። እንዲያውም ቅዝቃዜውን ላለማባከን መስኮቱ ስለሚዘጋ፣ በክፍሉ ያሉት ምቾት እየተሰማቸው ይታፈናሉ። መፍትሔው ትይዩ የሆኑ መስኮቶችን፣ ወይም መስኮትንና በርን በአንድነት ከፍቶ አየሩ ክፍሉን አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። መስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል መክፈት ይረዳል፤ ሞቃቱ አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባልና። በእረፍት ሰዓት ብቻ መክፈት አይበቃም፤ ከላይ ያየነው ስሌት እንደሚያሳየው ክፍለ ጊዜው ሳይጋመስ አየሩ ተመልሶ ይበላሻል።

መስኮት መክፈት ግን የራሱ ስህተት አለው። በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ሞተራቸውን ሳያጠፉ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆሙ መኪኖች የሚለቁት ጭስ በቀጥታ ወደ ክፍል ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ዲያሜትራቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኞች በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም ማለፍ የለባቸውም። በመንገድ ዳር ያለ ትምህርት ቤት በእነዚያ ደቂቃዎች የመንገዱን ወገን መስኮት ዘግቶ የግቢውን መክፈት፣ ወላጆችንም ሞተር እንዲያጠፉ መጠየቅ ይችላል።

ሽታን በሽቶ መሸፈን ሌላው ስህተት ነው። የሎሚና የብርቱካን መዓዛ የሚሰጠው ሊሞኒን የተባለ ንጥረ ነገር በአየር ውስጥ ካለ ኦዞን ከተባለ ጋዝ ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴሃይድ የተባለ መርዛማ ጋዝንና ጥቃቅን ብናኞችን ይፈጥራል። አየር ያጸዳሉ ተብለው የሚሸጡ ኦዞን አመንጪ መሣሪያዎች ከዚህም የባሱ ናቸው፤ ኦዞን የመተንፈሻ አካልን ያቆስላል፣ አስም ባለበት ልጅ ላይ ሕመሙን ያስነሳበታል። ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ጨርሶ ሊገቡ አይገባም።

ጽዳትም በተሳሳተ መንገድ ሲከናወን አየሩን ያበላሻል። ልጆች ባሉበት ወለሉን በደረቅ መጥረግና የጠመኔ ማጥፊያን በመስኮት አጠገብ ማራገፍ የተቀመጠውን ብናኝ መልሶ ወደ ሳንባ መላክ ነው። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ ይህንንም ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ማድረግ ይሻላል። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ወይም ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

በሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት እድፉን እንጂ ሻጋታውን አያጠፋውም። የእርጥበቱ ምንጭ፣ የሚያፈስ ጣሪያም ይሁን ቧንቧ፣ መጀመሪያ ይጠገን፤ የረጠበውም ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይድረቅ። በተመሳሳይ፣ ክፍሉን ትምህርት በሚከፈትበት ዋዜማ ቀለም መቀባትና አዲስ የችፑድ ወንበርና ጠረጴዛ ማስገባት ልጆቹን ለቀለሙ ትነትና ከሙጫው ለሚወጣው ፎርማልዴሃይድ ያጋልጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዴሃይድን እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ሥራው በረጅሙ እረፍት መጀመሪያ ላይ ቢከናወን ክፍሉ ለሳምንታት መናፈስ ይችላል።

በመጨረሻም መለኪያ የገዛ ትምህርት ቤት የሚሠራው ስህተት አለ። አንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ራሱን ሳይለኩ ከሌሎች ጋዞች ተነሥተው ግምት ያሳያሉ፤ ሊመረጥ የሚገባው በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለካው ዓይነት ነው። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቢቀመጥ የውጭውን አየር፣ ከመምህሩ ፊት ቢቀመጥ የመምህሩን ትንፋሽ ያነባል። ቦታው ከመስኮት፣ ከበርና ከማንኛውም ሰው አፍ ቢያንስ አንድ ሜትር የራቀ፣ ከፍታውም ከተቀመጠ ልጅ ራስ ጋር እኩል ሆኖ፣ ቁጥሩን ተማሪዎቹ ራሳቸው አንብበው መስኮት መክፈት እንዲችሉ በግልጽ የሚታይ ይሁን።