የግብር ገቢ ዕቅድ የቆመባቸውን ግምቶች እንዴት መመርመር ይቻላል?

«በሚቀጥለው ዓመት ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ግብር ይሰበሰባል» የሚል ቁጥር ብቻውን ሲነገር ማመን ወይም አለማመን እንጂ መመርመር አይቻልም። ለመመርመር ቁጥሩ የቆመባቸው ግምቶች መታወቅ አለባቸው።

መጀመሪያ የዕቅዱን መነሻ፣ ማለትም ዕድገቱ የሚሰላበትን የያዝነውን ዓመት ገቢ፣ ይዩ። የፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ረቂቁ የሚዘጋጀው የያዝነው ዓመት ሒሳብ ሳይዘጋ ነው፤ ስለዚህ መነሻው ራሱ በከፊል ግምት ነው። መነሻው 100፣ ዕቅዱ 120 ቢባል የሚፈለገው ዕድገት 20 በመቶ ነው፤ ዓመቱ ሲዘጋ የተሰበሰበው 92 ሆኖ ከተገኘ ግን ያው 120 ከ30 በመቶ በላይ ዕድገት ይጠይቃል።

ቀጥሎ የኢኮኖሚ ዕድገቱንና የዋጋ ንረቱን ግምት ከገንዘብ ሚኒስቴር የማክሮ ኢኮኖሚና ፊስካል ማዕቀፍ (የአገሪቱን ኢኮኖሚና የመንግሥትን ገቢና ወጪ ግምት ከያዘው ሰነድ) ወይም ከበጀት መግለጫው ይፈልጉ፤ ካላገኙ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ የሚያወጣቸው ሪፖርቶች ለማነጻጸሪያ ይረዳሉ። ለምሳሌ ኢኮኖሚው በ8፣ ዋጋ በ12 በመቶ ያድጋል ከተባለ፣ ሕግም አሠራርም ሳይለወጥ 100 ብር የነበረው ግብር ወደ 121 ብር ገደማ ከፍ ይላል። ዕቅዱ 140 ከሆነ ቀሪው 19 ብር ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። «አሰባሰባችንን በማሻሻል» የሚለው መልስ፣ በእኔ አስተያየት፣ ስሌት ካልቀረበለት ምኞት ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የምንዛሪ ተመኑ ነው፤ የጉምሩክ ቀረጥና በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰሉት የዕቃው ዋጋ ወደ ብር ከተመነዘረ በኋላ ነውና። ለምሳሌ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለ2017 የ971.2 ቢሊዮን ብር በጀት ጸደቀ፤ ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር በላይ ሆነ፤ በኅዳር 2017 ደግሞ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። ይሁን እንጂ ተመኑ በእጥፍ ስለጨመረ ቀረጡም በእጥፍ ያድጋል ብሎ ማስላት ስሕተት ነው፤ ዋጋው ሲወደድ ወደ አገር የሚገባው ዕቃ ሊቀንስ ይችላል።

ግምቶቹ በይፋ ካልወጡ መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት የመረጃ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ምላሽ መሰጠት ያለበት ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ነው። «ዕቅዱ ለምን ከፍ አለ?» ብለው አይጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ ምንጊዜም ማብራሪያ አይታጣለትም። ይልቁንም የተወሰደው የምንዛሪ ተመን ስንት እንደሆነ፣ እንደ ተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ካሉ አዳዲስ የታክስ ሕጎች እያንዳንዱ ስንት ብር እንደሚያስገኝ መገመቱን፣ ያለፉት ሦስት ዓመታት ዕቅድና ክንውንም በግብር ዓይነት ተለይቶ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ።

ያገኙትን ከነቀኑ መዝግበው ያስቀምጡ። «ከዕቅድ በላይ ተሰበሰበ» የሚል ሪፖርት ሲሰሙ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት አኃዝ አይተው፣ ከመዘገቡት ግምት ጋር ያስተያዩት፤ ንረቱ ከተገመተው በልጦ ከሆነ ከትርፉ የተወሰነው የዋጋ ንረት ያመጣው ነው።