በጠባብ ቦታ ደረጃ ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳም ይሁን ካዛንቺስ፣ መሃል ከተማ ላይ የሚገነባ ሰው ቦታ አይተርፈውም። ፕላን ሲነደፍ ሳሎኑና መኝታው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ደረጃው በቀረችው ጥግ ይወሸቃል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹም በአብዛኛው ከዚሁ ይመጣሉ።

እስቲ እናስላው። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ቢሆን፣ ለ18 እርከን ሲካፈል የአንዱ ከፍታ 17 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። መርገጫው፣ ማለትም እግር የሚያርፍበት ጥልቀት፣ 28 ይሁን። የሁለት እርከን ከፍታና የአንድ መርገጫ ድምር ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሲሆን እግር አይደክምም፤ እዚህ 62 መጣ። ስፋቱ 1.10 ሜትር ሆኖ መሃል ማረፊያው ላይ ቢታጠፍ፣ 2.30 በ3.34 ሜትር ገደማ ይይዛል። 75 ካሬ ላይ ለሚገነባ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ከርዝመቱ አንድ ሜትር ሲቀነስ የሚቀረው መሰላል ነው።

ሁለተኛው ስህተት ንጣፍን መርሳት ነው። እኔ በተቆጣጠርኩት አንድ ቤት፣ የአርማታው እርከኖች ሁሉ እኩል 17 ሳንቲ ሆነው ተሞሉ። በኋላ ወለሉ ላይ ስክሪድ (ከንጣፍ ሥር የሚፈስ የሲሚንቶ ድልዳል) እና ሴራሚክ 8 ሳንቲ ጨመረ፤ እርከኖቹ ላይ ግን እብነበረዱ ከነሞርታሩ 5 ብቻ ነበር። የመጀመሪያው እርከን 14፣ የመጨረሻው 20 ሆኖ ተገኘ። የባለቤቱ እናት ሲኒ የተደረደረበትን ረከቦት ይዘው ሲወጡ መጨረሻው ላይ ተደናቀፉ። ሲኒዎቹ አለቁ፣ እሳቸው እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ፎርምወርክ (አርማታ የሚሞላበት ቅርጽ) ከመታሰሩ በፊት እርከኖቹን ከነንጣፋቸው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሳላስምር አርማታ አላስሞላም።

ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ቦታ ይቆጥባል፤ ለብቸኛ መውጫነት ግን አልመክረውም። ፍሪጅ ወይም ቁም ሳጥን በየት ይወጣል? ታማሚ በቃሬዛ በየት ይወርዳል?

ከራስ በላይ ያለው ክፍተትም ይታይ። ከመርገጫው ጫፍ እስከ ላይኛው ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ወይም ቢም (ወለሉን የሚሸከም አግዳሚ አርማታ) ቢያንስ 2 ሜትር መኖር አለበት።

ውጭ ለሚሠራ ደረጃ የተወለወለ እብነበረድ አታንጥፉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲያርፍበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሸካራ ድንጋይ ይሻላል። መደገፊያው ላይም በብረቶቹ መሃል ከ10 ሳንቲ የሰፋ ክፍተት ካለ የሕፃን ራስ ሊሾልክ ይችላል።

በመጨረሻ፣ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ከፎርማኑ ጋር ተስማምቶ ደረጃውን ወደ ሌላ ጥግ ማዞር የተለመደ ሆኗል። ሶሌታው ላይ የሚቀረው ክፍተትና የቢሞቹ አቀማመጥ ስለሚለወጥ የስትራክቸር ሥራው እንደገና መሰላት አለበት፤ የተለወጠው ፕላንም በሕንፃ አዋጁ መሠረት ሊጸድቅ ይገባል። ሕንፃው ሕዝብ የሚገለገልበት ከሆነ ደግሞ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ ሕጉ ያስገድዳል፤ በሩ ላይ ሦስት እርከን ከመሥራታችሁ በፊት ለራምፑ (ያለ እርከን ለሚያስወጣው ተዳፋት) የሚሆን ርዝመት መኖሩን ለኩ።