በስፒና የሚሠሩ የወርክሾፕ ዕቃዎችን መፈተሽና መለያ ማሰር

ግራይንደር፣ ድሪል፣ የእጅ መጋዝና ማራዘሚያ ገመድ ቀኑን ሙሉ ስለሚጎተቱ ከቋሚ ማሽን ቀድመው ይጎዳሉ። እዚህ የምናሳየው በ220 ቮልት የሚሠሩ፣ በስፒና የሚሰኩ ዕቃዎች አፈታተሽ ነው፤ ባለ ሦስት ፌዝ ማሽንና የግድግዳ መስመር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የልኬት ወሰኖቹን የወሰድነው አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ከሚሠሩበት AS/NZS 3760 ከተባለው የደህንነት ደረጃ ነው።

500 ቮልት ዲሲ የሚያወጣ ሜገር (ኤሌክትሪክ በሽፋኑ በኩል የሚሾልክ መሆኑን የሚለካ መሣሪያ)፣ ዝቅተኛ ኦም (የሽቦ ተቃውሞ መለኪያ) በትክክል የሚያነብ መልቲሜትር፣ ካቻቢቴ፣ የማይለቅ እስክሪብቶ፣ የፕላስቲክ መለያና አንድ መዝገብ ይበቃል። ሜገሩን ለመቆጠብ ብላችሁ በመልቲሜትር ብቻ አትሥሩ። መልቲሜትር የሚለካው በጥቂት ቮልት ስለሆነ፣ 220 ሲመጣ የሚያሾልከውን ቦታ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል።

ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ እኛ አገር የተለመደው ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና ተገልብጦም ስለሚሰካ፣ ማብሪያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚመጣበትን ሽቦ) ይቁረጥ ኒውትራሉን (የሚመለስበትን) አይታወቅም።

ቀጥሎ የዓይንና የእጅ ፍተሻ ነው፤ አብዛኛው ብልሽት የሚያዘውም እዚህ ላይ ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሱት፤ በተለይ ወደ ዕቃውና ወደ ስፒናው የሚገባበትን ቦታ። ናስትሮ የተጠቀለለበት ገመድ ወድቋል፤ ሙቀትና ዘይት ናስትሮውን ያላቅቁታል፣ ከሥሩ ያለው ቁስልም አይታይም። የሚፈታ ስፒና ከሆነ ክፈቱት። ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ግራውንድ (የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ነው። ገመዱ ተጎትቶ ቢመዘዝ መጨረሻ ላይ የሚለቀው ግራውንዱ እንዲሆን ከሁለቱ አስረዝማችሁ እሰሩት። የሽቦ ጫፍ በእርሳስ ተበይዶ በብሎን ከታሰረ ቁረጡትና እንደገና እሰሩት፤ እርሳሱ በጊዜ ብዛት ስለሚዳከም ብሎኑ ይላላል፣ ከዚያ ይግላል።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ጥፋት ግን ሌላ ነው። ዋናው ስፒና ሲሰበር ግራውንድ በሌለው ርካሽ ስፒና ይተካና አረንጓዴው ሽቦ ተቆርጦ ይቀራል። ዕቃው እንደ ወትሮው ስለሚሠራ ማንም ልብ አይለውም፤ ፌዙ ከብረት አካሉ የተነካካ ቀን ግን አካሉ ራሱ 220 ቮልት ይሆናል። አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ የሁለት አራት ማዕዘን ምልክት ያለበት ዕቃ ብቻ ነው ያለ ግራውንድ የተሠራ፤ ለእሱ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ትክክል ነው።

ግራውንድ ላለው ዕቃ መጀመሪያ ግራውንዱን ለኩ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አገናኝታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙና ከውጤቱ ቀንሱት። አንዱን ጫፍ በስፒናው የግራውንድ ብረት፣ ሌላውን ቀለም ባልተቀባ የአካሉ ብሎን ላይ አድርጉ። ከ1 ኦም መብለጥ የለበትም። እያነበባችሁ ገመዱን አወዛውዙት፤ ቁጥሩ ከዘለለ ውስጡ እየተበጠሰ ነው። እዚህ ላይ ወሰኑን ብቻ ማየት ያሳስታል። 25 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ማራዘሚያ 0.3 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይገባል፤ 0.9 ካሳየ በደረጃው ያልፋል፣ እኛ ግን ስፒናውንና ሶኬቱን ሳንከፍት አናሳልፈውም። መልቲሜትር የሚልከው ጅረት ትንሽ ስለሆነ አንዲት ክር መዳብ ብቻ ብትቀርም ደህና ቁጥር ያሳያል፤ ስለዚህ ዓይናችሁን አትተኩት።

ግራውንዱ ካለፈ ወደ ሜገሩ ሂዱ። የዕቃውን ማብሪያ አብሩት፤ ካልበራ የምትለኩት ገመዱን ብቻ ነው፣ ሞተሩ አይነካም። የስፒናውን ሁለት እግሮች በአንድ ላይ አገናኝታችሁ ከሜገሩ አንድ ጫፍ፣ ሌላውን ጫፍ ከአካሉ ብረት ጋር አያይዙ። ግራውንድ በሌለው ድሪል የሚነካው የመብሻው መያዣ ብረት ነው። 500 ቮልት ልቀቁ፤ እጃችሁን ከብረቱ አርቁ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ወድቋል።

ሲወድቅ ወዲያው አትጣሉት። ግራይንደር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ከሰልና የብረቱ ብናኝ ውስጡ ተከማችቶ ነው፤ ፈታችሁ በአየር ንፉትና ድገሙ። ምጣድና ማሞቂያ ከሆነ በውስጡ ያለው ዱቄት እርጥበት ስቦ ይሆናል፤ በደረቅ ሙቅ ቦታ አቆይታችሁ ድገሙ። የቮልቴጅ መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ደግሞ በ500 ቮልት በሐሰት ስለሚወድቅ በ250 ለኩት።

መለያው ላይ የዕቃው ቁጥር፣ የፈተሸው ሰው ስም፣ የተፈተሸበትና ቀጣዩ ቀን ይጻፋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ዓ.ም. ብላችሁ ለዩት፤ 2017 ያለ ምልክት ከተጻፈ ቆይቶ የሚያነበው ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አያውቅም። ስፒናው አጠገብ ገመዱ ላይ እሰሩት፤ ወረቀት ዘይት ይበላዋል። በደረጃው መሠረት የግንባታ ቦታ ዕቃ በየ3 ወሩ፣ የፋብሪካና የወርክሾፕ በየ6 ወሩ ይፈተሻል። የማይንቀሳቀስ የቢሮ ዕቃ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ገመድ የተቀየረለት ወይም የተጠገነ ዕቃ ግን ቀኑን አይጠብቅም።

የወደቀውን ቀይ መለያ አስራችሁ ከሥራ ቦታው አውጡት። ሊጠገን የማይችል ከሆነ ስፒናውን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ቀይ መለያ ብቻውን ሥራ የበዛበትን ሰው አያቆምም።