የጥርስ ሐኪም በሙያ ፈቃዱ ላይ አቤቱታ ሲቀርብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልዲያ የጥርስ ክሊኒክ ከፍቶ፣ አለዚያም በመንግሥት ሆስፒታል ተቀጥሮ የሚሠራ ሐኪም አቤቱታ በቀረበበት ዕለት ሐሳቡን የሚይዘው አንድ ጥርስ፣ አንድ መርፌ ወይም የተቆጣ አንድ ቤተሰብ ነው። ፈቃዱን የሚመረምረው አካል የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ከዚህ ሰፋ ይላል፤ ይህ ሰው ሕዝብ አምኖ አፉን የሚከፍትለት ባለሙያ ሆኖ ሊቀጥል ይገባዋል ወይ የሚል ነው። መልሱ በሕክምናው ላይ ብቻ አይመሠረትም፤ ሐኪሙ አቤቱታው ከደረሰው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሠራው ሥራም አብሮ ይመዘናል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊያበቃ ይችል የነበረ ጉዳይ ወደ እገዳ ወይም ወደ ፈቃድ ስረዛ እንዲያድግ የሚያደርጉት ስህተቶች አብዛኞቹ በድንጋጤ የሚፈጸሙ ስለሆኑ፣ አስቀድሞ ያወቃቸው ሰው ሊርቃቸው ይችላል።

የጥሪ ደብዳቤውን እንደ ተራ ወረቀት መቁጠር

ከጤና መምሪያ፣ ከክልሉ ጤና ቢሮ ወይም ከሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚመጣ ደብዳቤ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ይዞ ይመጣል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ወዲያውኑ በላዩ ላይ መጻፍ፣ ቅጂውን ማስቀመጥና ቀኑ የማይበቃ ከሆነ ሳያልፍ ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስልክ ደውሎ «ነገሩ እንዲህ ነበር» ብሎ ማስረዳት መልስ ሰጠ አያሰኝም። በመዝገቡ ውስጥ የሚቀረው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ ኮሚቴው በአቤት ባዩ ቃልና በተያያዘው ማስረጃ ብቻ ለመወሰን ይገደዳል።

የታካሚውን ካርድ ማስተካከል

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሐኪሙ አቤቱታውን አንብቦ ካርዱን ሲያወጣ «የታችኛው ግራ 36 ተነቀለ» ከምትል አንዲት መስመር በቀር የተጻፈ ነገር ያጣል። በዚያን ዕለት ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ጠይቆ ነበር፤ ራጅም አይቶ ነበር፤ ለታካሚውም ምክር ሰጥቶ ነበር፤ አልጻፈውም እንጂ። ታዲያ እውነት የሆነውን ነገር አሁን ብጽፈው ምን ክፋት አለው የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ክፋቱ ትልቅ ነው። የቀለም ልዩነት፣ በመስመሮች መካከል የተጨመቀ ጽሑፍ፣ ታካሚው አስቀድሞ በስልኩ ያነሣው የካርዱ ፎቶ፣ ከክፍያ ደረሰኙ ጋር የማይገጥም ሰዓት፣ እነዚህ ሁሉ ያጋልጡታል። ያን ጊዜ ክሱ ከሙያ ጉድለት ወደ ሰነድ ማጭበርበር ይሸጋገራል፤ በእውነተኛው ካርድ ላይ የነበረው ጥቂት ነገር እንኳ እምነት ያጣል።

ትክክለኛው መንገድ ካርዱን እንዳለ መተው፣ ገጽ በገጽ ቅጂ ማንሣት፣ ዋናውን በቁልፍ ማስቀመጥና በካርዱ ያልሰፈረውን የሚያስታውሰውን ነገር ለብቻው፣ ዛሬ የተጻፈ መሆኑን በግልጽ በሚናገር የቀን ቁጥርና ፊርማ ማስፈር ነው። እንዲህ ያለው መግለጫ ከካርዱ ያነሰ ክብደት ቢሰጠውም ሐቀኛ ነው፤ ሐቀኝነቱም በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ሐኪሙን ይጠቅመዋል።

በወሎ ይህ ጉዳይ አንድ የተለየ ገጽታ አለው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሌሎችም የአካባቢው ከተሞች የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መሣሪያም መዝገብም ጠፍቷል። ከዚያ በፊት ስለተሰጠ ሕክምና አሁን የሚጠየቅ ሐኪም ካርዱ ጠፍቶበት ከሆነ፣ መጥፋቱን ራሱን ማስረዳት አለበት፤ ለዚህም በወቅቱ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ የቀረበ የንብረት ጥፋት ማመልከቻ፣ ተቋሙ ያዘጋጀው የጉዳት ዝርዝርና አብረው የነበሩ ሠራተኞች ምስክርነት ያገለግላሉ። የጠፋውን ካርድ ከትዝታ እንደገና ሠርቶ እንደ ዋናው አድርጎ ማቅረብ ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን እውነተኛ ምክንያት ያበላሻል።

ከአቤቱታው በፊት ሊጻፍ ይገባ የነበረውም ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ለአንድ ጥርስ ነቀላ ካርዱ ላይ የሚጠበቀው ቢያንስ የታካሚው ቅሬታ፣ የቆየ ሕመምና የሚወስደው መድኃኒት፣ የተለካው የደም ግፊት፣ የራጁ ግኝት፣ የተሰጠው ማደንዘዣ ዓይነትና መጠን (ለምሳሌ አድሬናሊን ያለው 2 በመቶ ሊዶኬይን፣ 1.8 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 2 ካርትሪጅ)፣ ሥሩ ሙሉ ሆኖ መውጣቱ ወይም መሰበሩ፣ ደሙ መቆሙና የተሰጠው ምክር ነው። የጥርሱ ቁጥር የተጻፈበትም ዘዴ ግልጽ መሆን አለበት፤ በአንዱ አቆጣጠር 16 ማለት የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ሲሆን በሌላው አቆጣጠር የላይኛው ግራ የመጨረሻው መንጋጋ ነው። ሌላ ተቋም በጻፈው የሪፈር ወረቀት ላይ ያለችን አንዲት ቁጥር ብቻ አይቶ ነቅሎ ያልታመመ ጥርስ ያወጣ ሐኪም መከላከያው እጅግ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ ቦታውን በቃል መጻፍ የሁለት ቃል ድካም ቢሆንም ትልቅ ጥበቃ ነው።

ሽምግልና የፈቃዱን መዝገብ ይዘጋል ብሎ ማመን

ወሎ ሼኹም ቄሱም አብረው ተቀምጠው የሚያስታርቁበት አገር ነው። አበጋር የሚባለው ይህ የሽምግልና ሥርዓት ደም ያፋሰሰ ነገር እንኳ ያበርዳል፤ ከአንድ ጥርስ የተነሣ ጠብማ ከሽማግሌ በላይ አይሆንም ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። እኔም ሽምግልናን አልቃወምም፤ ታካሚው ተክሶ፣ ቤተሰቡ ከሐኪሙ ጋር ቡና ጠጥቶ መለያየቱ ለሁሉም ይበጃል። ስህተቱ ዕርቁ ምን ሊያደርግ እንደሚችልና እንደማይችል አለመለየት ላይ ነው።

የሙያ ፈቃድ በሐኪሙና በሕዝቡ መካከል ያለ፣ በመንግሥት አካል የሚጠበቅ ጉዳይ ነው። አቤት ባዩ «ታርቀናል፣ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ» ብሎ ቢጽፍም፣ መርማሪው አካል ለሌሎች ታካሚዎች አደጋ አለ ብሎ ካመነ ምርመራውን ሊቀጥል ይችላል። ዕርቁ ቅጣት እንዲቀልል የሚረዳ አንድ ነጥብ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ዋስትና አይሰጥም። ሽማግሌዎቹ ይዘውት ስለሄዱ መልስ ሳይጽፍ የቀረ ሐኪም የመልስ ቀኑ ካለፈ በኋላ መዝገቡ ያለ እርሱ ሲታይ ያገኘዋል።

ሁለተኛው አደጋ የዕርቁ ወረቀት ነው። በሽምግልና ወግ የተበደለ የሚታረቀው ሌላው ወገን ዝቅ ሲልለት ነው። ሽማግሌው «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ በል፣ ነገሩ ይብረድ» ይላል፤ ሐኪሙም ለሽማግሌ ክብር ሲል ይላል። ጸሐፊው ግን ይህን የአክብሮት ቃል «ዶክተሩ ሕክምናውን በቸልተኝነት አጥፍቶ በማካሄዱ ካሣ ሊከፍል ተስማምቷል» ብሎ ሲያሰፍረው፣ ሦስት ምስክሮችም ሲፈርሙበት፣ ወረቀቱ ነገ በኮሚቴው፣ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት የሚቀርብ የእምነት ቃል ይሆናል። ሐኪሙ ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን ለጠበቃ ማሳየት፣ ቃሉም የሆነውን ብቻ እንዲናገር ማድረግ መብቱ ነው። «ሐኪሙ በታካሚው ላይ በደረሰው ሕመም ማዘኑን ገልጾ፣ የጥፋተኝነት ጉዳይ በሚመለከተው አካል እስኪወሰን ድረስ፣ ለቀጣይ ሕክምና ወጪ የሚሆን ድጋፍ ለመስጠት ተስማምቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ዕርቁን አያፈርስም፤ ሽማግሌዎችም ምክንያቱ በአክብሮት ሲነገራቸው ይረዳሉ።

ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ለዕርቅ የሚሰጥ ገንዘብ «አቤቱታህን አንሣ፣ ምስክርህን አስቀር» ከሚል ቃል ጋር ከተያያዘ አዲስ ጥፋት ይወልዳል። ምስክር ሊሆኑ ወደሚችሉ የክሊኒኩ ረዳቶችም ዘመድ መላክ እንዲሁ ነው።

ሦስቱን መንገዶች እንደ አንድ ማየት

ከአንድ ጥርስ ሦስት መዝገብ ሊከፈት ይችላል። አንደኛው የሙያ ፈቃዱ አስተዳደራዊ ምርመራ ነው። ሁለተኛው የወንጀል ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን በአንቀጽ 559 ይቀጣል። ሦስተኛው የካሣ ክስ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንቦች እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በሳይንስ በታወቁና በሙያው ተቀባይነት ባገኙ ደንቦች ሲመዘን ግዴታውን በግልጽ የተላለፈ እንደሆነም ኃላፊ ያደርገዋል። ከውል ውጭ ለሚመጣ ኃላፊነት የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ሊቀርብ የሚችልበት ጊዜ፣ በአንቀጽ 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው፤ የሕክምና ግንኙነት በውል የታየ እንደሆነ ግን አጠቃላዩ የውል ይርጋ 10 ዓመት ስለሆነ፣ 2 ዓመት አለፈ ብሎ ካርድና ራጅ መጣል አያዋጣም።

ስህተቱ በአንዱ መዝገብ የተሰጠ ቃል በሌላው አይታይም ብሎ ማሰብ ነው። ፖሊስና ፍርድ ቤት የሕክምና ስህተት ተፈጽሟል ወይ የሚለውን ለማጣራት የሥነ ምግባር ኮሚቴውን የባለሙያ አስተያየት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለኮሚቴው የሚጻፈው መልስ ለዐቃቤ ሕግም እንደሚጻፍ ታስቦ፣ በጠበቃ ታይቶ ሊወጣ ይገባል። በአንድ ቦታ «ራጅ አንሥቻለሁ»፣ በሌላ ቦታ «ራጅ አላስፈለገም» ያለ ሐኪም ሁለቱንም ያጣል።

በሙያ ቋንቋ ከመመለስ ይልቅ በስሜት መመለስ

«ለ15 ዓመት ሕዝቤን አገልግያለሁ፣ ማንም ከስሶኝ አያውቅም» የሚል መልስ ልብ ይነካ እንደሆነ እንጂ የተጠየቀውን አይመልስም። ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ የደረሰው ጉዳት በጥንቃቄ በተሠራ ሥራም ሊደርስ የሚችል ነው ወይስ ከጥንቃቄ ጉድለት የመጣ ነው የሚለው ነው። የታችኛው መጨረሻ መንጋጋ ሲነቀል ሥሩ ከነርቭ ጋር ተቀራርቦ ከተገኘ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ከነቀላ በኋላ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ የደም ርጋታው ጠፍቶ ጉድጓዱ ባዶ ሲቀር የሚመጣው ብርቱ ሕመምም የታወቀ ነው። እነዚህ በራሳቸው የጥፋት ማስረጃ አይደሉም። ጥፋት የሚሆነው ራጁን ሳያዩ መጀመር፣ አደጋውን አስቀድሞ አለመንገር፣ ታካሚው እያመመው ሲመለስ ሳያዩት ማሰናበት ነው።

እዚህ ላይ «አብሽር» የምትለው የአገራችን ደግ ቃል ፈተና ላይ ትወድቃለች። ታካሚን ማረጋጋት የሕክምና አካል ነው፤ ነገር ግን «አብሽር፣ ምንም አይልህም» ተብሎ ወደ ወንበሩ የወጣ ሰው ከንፈሩ ደንዝዞ ሲወርድ የሚያስታውሰው ያንን ቃል ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299ም የታካሚን ፈቃድ የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ይዟል። ፈቃድ ማለት ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ምን እንደሚሠራለት፣ ምን ሊደርስ እንደሚችልና ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ ሰምቶ መስማማቱ ነው፤ ያልተነበበ ቅጽ ላይ የተደረገ የጣት አሻራ ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። ምክሩም ዝርዝሩ ይመዝገብ፦ ጎዝ ነክሶ መቆየት፣ ለ24 ሰዓት በኃይል አለመጉመጥመጥ፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ጫት አለመቃም። በእኛ አካባቢ የመጨረሻውን በስም ጠርቶ መናገር ያስፈልጋል።

ስለ ኢንፌክሽን የቀረበ አቤቱታም በመሐላ አይመለስም። የአውቶክሌቩ (የሕክምና ዕቃን በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) መዝገብ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የሙቀት መጠንና ያመከነው ሠራተኛ ፊርማ ያለበት፣ መብራት የጠፋባቸው ቀናት ምን እንደተደረገ የሚያሳይ፣ ከማንኛውም መሐላ ይበልጣል።

የሥራ ወሰንንና የተቋም ፈቃድን መርሳት

የባለሙያው ፈቃድና የክሊኒኩ የብቃት ማረጋገጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አቤቱታው ስለ አንድ ጥርስ ቢሆንም ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ የታደሰ ፈቃድ፣ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ማስረጃና ሥራውን በእጁ የሠራው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ረዳቱ የሠራውን ሥራ ሐኪሙ በስሙ መፈረሙ ለሁለቱም መጥፊያ ነው።

በፌስቡክና በቴሌግራም ራስን መከላከል

ቤተሰቡ በማኅበራዊ ሚዲያ ስም ሲያጠፋ ዝም ማለት ይከብዳል። ሆኖም የታካሚውን ራጅ፣ የአፉን ፎቶ ወይም የሕመሙን ታሪክ ለጥፎ መመለስ የሙያ ምሥጢርን ማውጣት ነው፤ ይህም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሚያስጠይቅ ነው። ታካሚው ራሱ ገመናውን መግለጡ ሐኪሙን ከግዴታው አያወጣውም። ማስረጃው ሁሉ ለኮሚቴው ይቅረብ፤ ስም ማጥፋቱም ካለ ገጹ በቀኑ ተቀድቶ ለጠበቃ ይሰጥ።

የእገዳ ውሳኔን መናቅና የይግባኝ ጊዜን ማሳለፍ

እገዳ የደረሰው ሐኪም «ይግባኝ ብያለሁ» ብሎ በጓዳ መሥራቱን ከቀጠለ፣ በመጀመሪያው ጉዳይ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያለ ፈቃድ በመሥራት አዲስ ጥፋት ይጠየቃል። ሊያደርግ የሚገባው ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መቀበል፣ የይግባኙን ቦታና ቀን ማጣራት፣ እገዳው እንዲነሣለት ወይም ለጊዜው እንዲቆምለት በይግባኙ ውስጥ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መሳሳት አለ፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ስለሆነ፣ ውሳኔውን የሰጠው የክልል አካል ከሆነ የአዋጁን የጊዜ ገደብ ወስዶ መቁጠር ያሳስታል፤ መከተል ያለበት የክልሉን ሕግና በውሳኔው ላይ የተመለከተውን ጊዜ ነው።

እገዳው ሲመጣ የጀመሩት ሕክምና ያልተጠናቀቀላቸው ታካሚዎች ይኖራሉ፤ ሥሩ ተከፍቶ ጊዜያዊ ሙሌት የተደረገለት፣ ስፌቱ ያልወጣለት፣ ተለክቶ ጥርሱን የሚጠባበቅ። እነዚህን ስማቸውን ዘርዝሮ፣ የካርዳቸውን ቅጂና ራጃቸውን ሰጥቶ፣ የከፈሉትን ቀሪ ሂሳብ መልሶ ወደ ሌላ ሐኪም በጽሑፍ ማስተላለፍ የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ የእያንዳንዱም ማስተላለፊያ ቅጂ ከይግባኙ ጋር ይያያዝ።