የጉልበት ሎሚ ለሚወልቅባቸው ታዳጊዎች፦ በቀዶ ሕክምና ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጉልበት ሎሚ በብዛት የሚወልቀው ከ10 እስከ 17 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ የሚወልቀውም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ወደ ውጭ ነው። በዚህ ዕድሜ አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ ለአዋቂ የሚሠራው ኦፕራሲዮን እንዳለ ለልጅ አይሠራም።

ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት። እግሩ ሲዘረጋ ሎሚው ብዙ ጊዜ ራሱ ስለሚመለስ ቤተሰብ «ወለምታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጉልበቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ግን ውስጡ ደም ቋጥሯል። ሎሚው ሲመለስ ከጭን አጥንት ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ከለስላሳ ሽፋኑ ቁራጭ ገንጥሎ ሊሆን ይችላል። ራጅ ከፊት፣ ከጎንና ጉልበት ታጥፎ ይነሳል፤ ለስላሳ ቁራጭ ግን ራጅ ላይ ስለማይታይ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ፎቶውን የግል ማዕከል አስነስታችሁ ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ስትሄዱ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ያዙ፤ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ መለካት አለበት።

መጀመሪያ እንደወለቀ ኦፕራሲዮን መጠየቅ። የተገነጠለ ቁራጭ ከሌለ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀ ሎሚ በአብዛኛው በድጋፍና በፊዚዮቴራፒ ይታከማል። ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ሲደጋገም ነው።

ምክንያቱን ሳይለኩ ጅማት መጠገን። ሎሚው ከፍ ብሎ መቀመጡ፣ የሚንሸራተትበት ቦይ ጠፍጣፋ መሆኑ፣ ጉልበቶች ወደ ውስጥ መጋጠማቸው፣ የሎሚው ጅማት ቅልጥም ላይ የሚያያዝበት ቦታ ከቦዩ መሃል ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ መራቁ፣ ሁሉም ይለካሉ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ የገባ ልጅ ቢያንስ የአንድ ዓመት እድገት ከቀረው በእድገት ንጣፉ (አጥንቱ የሚረዝምበት፣ ጫፉ አካባቢ ያለ ለስላሳ ክፍል) የውስጥ ጎን ላይ ትንሽ ፕሌት በ2 ብሎን ታስሮ እግሩ እያደገ ይቃናል። «ትንሽ ይደግ» እያሉ ማቆየት ይህን ዕድል ያባክናል።

የሎሚው ጅማት የተያያዘበትን የቅልጥም አጥንት ክፍል ቆርጦ ማዛወር። ለአዋቂ ጥሩ ዘዴ ነው። የእድገት ንጣፉ ሳይዘጋ ከተሠራ ግን የፊቱ ጎን ማደግ ያቆምና ጉልበቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ንጣፉ በሴቶች 14፣ በወንዶች 16 ዓመት ገደማ ይዘጋል፤ የአጥንቱን እድገት ግን ከልደት ቀን ይልቅ የግራ እጅ ራጅ የተሻለ ይናገራል።

ሎሚውን ወደ ውጭ የሚይዘውን የውጩን ጎን ሽፋን ብቻ ቆርጦ ማላላት። ለብቻው አይበቃም፤ እንዲያውም ሎሚው ወደ ውስጥ እንዲወልቅ ሊያደርግ ይችላል።

በጎን ራጅ ብቻ ቀዳዳ መብሳት። የተበጠሰውን የውስጥ ጅማት ለመተካት ግራሲሊስ የሚባለው ቀጭን ጅማት ከልጁ ጭን ይወሰዳል። ቀዳዳው ተበስቶ ጅማቱ ጭን አጥንት ላይ የሚታሰርበት ነጥብ ከአጥንቱ የእድገት ንጣፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ንጣፉ ወጣ ገባ ስለሆነ ያው ነጥብ በጎን ፎቶ ከንጣፉ በላይ መስሎ ይታያል፤ ከፊት ሲነሳ ነው በታች መሆኑ የሚለየው። ስለዚህ በሲ-አርም (በኦፕራሲዮን ጊዜ በሚያሳይ የራጅ መሣሪያ) በሁለቱም አቅጣጫ ሳይታይ ድሪል መነሳት የለበትም። ቀዳዳው ወደ ፊትና በመጠኑ ወደ ታች ያጋድላል፤ ሽቅብ ከሄደ ንጣፉን ይወጋል፣ በጣም ቁልቁል ከሄደ መጋጠሚያው ውስጥ ይገባል። የጭን አጥንት ቁመት 70 በመቶ ያህሉ የሚያድገው ከዚህ ንጣፍ ስለሆነ ጉዳቱ የእግር መጣመም ወይም ማጠር ነው። ኦፕራሲዮኑን ያቀዱትን ሐኪም «ንጣፉን እንዴት ነው የሚጠብቁት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ከልክ በላይ መወጠር። አዲሱ ጅማት ልጓም እንጂ መጎተቻ አይደለም። ጉልበቱ 30 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ሎሚው ከቦዩ ከገባ በኋላ ሳይወጠር ይታሰራል። ከተወጠረ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ የሎሚው የውስጥ ጎንም ይፋጫል።

ህመሙ ሲቀር ፊዚዮቴራፒውን ማቋረጥ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል መውረድ ለሰለለ የጭን ጡንቻ ከመውጣት ይከብዳል፤ ክራንች ከተጣለ በኋላም ታክሲ ይሻላል። ወደ ኳስ መመለስ ከ6 ወር በፊት አይታሰብም፤ ያኔም የሁለቱ ጭኖች ጡንቻ ጥንካሬ ተለክቶ ሲቀራረብ ነው። እድገቱ እስኪያበቃ ድረስ ደግሞ በየ6 ወሩ ቆሞ የሚነሳ የሙሉ እግር ራጅ ያስፈልጋል።