ሞዴል ሎኮሞቲቭ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ሆዱን እዩ

ደሴም ኮምቦልቻም ብዙዎቻችን ሞዴል ባቡር የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ወይም ከተጠቀመበት ሰው እጅ ነው። መመለስ የለም። ስለዚህ ምርመራው ብር ከመክፈል በፊት ይሁን።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት ቀለሙ ማርኮኝ ነው። ካርቶኑ አዲስ፣ ጽሑፉ ጥርት ያለ። ቤት ወስጄ ሃዲድ ላይ ሳስቀምጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። ሻጩ ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ባለ 9 ቮልት ባትሪና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ሳልይዝ ለግዢ አልወጣም። ሎኮሞቲቩን ገልብጡት፤ ሆዱ ሥር ረጅም የብረት ምላስ ከሌለው፣ ከባትሪው የመጣውን አንዱን ሽቦ የቀኝ ጎማ ላይ፣ ሌላውን የግራ ጎማ ላይ ንኩ።

ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ግን አይዞርም፤ ወይም በየዙሩ ቀጭ ይላል
የእኔ በሽታ ይሄ ነበር። በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ባለ ጥርስ የፕላስቲክ ማርሽ የብረት ዘንጉ ላይ ተጨናንቆ የገባ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጋ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋና በየዙሩ ይነክሳል፣ ወይም ዘንጉ ላይ በባዶ ይሽከረከራል። ሱፐር ግሉ አትሞክሩ። ቢይዝም ክፍተቱ እንደሰፋ ይቀራል። መፍትሄው ማርሹን መቀየር ነው። አብሽሩ፣ ለታወቁ ሞዴሎች መለዋወጫው ይገኛል። የመለዋወጫውን ዋጋ ከነማስመጫው ከሂሳቡ አስቀንሱ። ካልተገኘ ተዉት።

ይንቀጠቀጣል፣ ቀስ ሲል ይቆማል
መጀመሪያ ቆሻሻ ጠርጥሩ። ጎማውን አልኮል በነካው ጥጥ ጥረጉና ድገሙት። ካልተሻለው ሽቦውን ጎማ በጎማ እየነካችሁ ሞክሩ። ከሃዲድ ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ጎማዎች ጥቂት ከሆኑ፣ ትንሽ አቧራ ባገኘ ቁጥር ይቆማል። የላስቲክ ቀለበት ያለው ጎማ ግን ኤሌክትሪክ አይቀበልም፤ እሱ ሸክም ለመሳብ ነው።

እኔ ተጨማሪ ብር የምከፍለው እዚህ ጋ ነው። በሁሉም ጎማ የሚቀበል፣ ሞተሩ ላይ ከባድ የብረት መዘውር የተገጠመለት ሎኮሞቲቭ ሽቦውን ስታነሱ ድርቅ አይልም፤ ትንሽ ተንሸራቶ ይቆማል። ለእኔ ከመቶ የቀለም ጌጥ ይሄ ይበልጣል።

ሆዱ ሥር ረጅም የብረት ምላስ አለው
ይሄኛው እንደ ጀርመኑ የሞዴል ባቡር አምራች ማርክሊን ባለ ሦስት መስመር ሃዲድ ላይ የሚሄድ ነው። የቀኝና የግራ ጎማው በኤሌክትሪክ የተገናኘ ስለሆነ በባትሪው እንዳትነኩት፤ ሾርት ያደርጋል። ሃዲዳችሁ ባለ ሁለት መስመር ከሆነ አይሆናችሁም።

የብረት አካሉ አብጧል፣ ተሰነጣጥቋል
አካሉ የተሠራበት ዚንክ ሲቀለጥ እርሳስ ተቀላቅሎበታል። ከውስጥ እየተበላ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። በነፃም ቢሰጧችሁ ለመለዋወጫ ካልሆነ አትውሰዱ።

ሃዲዱ ላይ አይቀመጥም
ልኩን ሳትጠይቁ ገዝታችሁ ነው። በጣም የተለመደው 1:87 ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። የኛው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ ሃዲድ ስፋቱ 1435 ሚሊሜትር ነው፤ ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ይመጣል። የሞዴሉ ሃዲድም ልክ ያን ያህል ነው። የድሮው የድሬዳዋ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር፣ እሱን በዚሁ ልክ መሥራት የፈለገ የ12 ሚሊሜትር ሃዲድ ያስፈልገዋል።

ዘመዳችሁ የሚገዛላችሁ ከሆነ ፎቶ አይበቃም። በጣም በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ፣ ከዚያም ተገልብጦ፣ ድምፁ የሚሰማበት ቪዲዮ ይላክላችሁ።